የአባትህ የሥራ ጠረጴዛ

ለምወድህ ልጄ፣ የሰው አገር ይመችህ፣ ክፉ አይንካህ። እኔ ደህና ነኝ። አባትህን ከቀበርን በኋላ እህል አልዋጥ ብሎኝ ነበር፤ አሁን እበላለሁ።

ልብስ ሰፊዎቹ ግን ፋታ አልሰጡኝም። አባትህ ያለ ይመስል የተበላሸ የስፌት መኪናቸውን እያመጡ ሳሎን ይደረድሩታል። ምን ያድርጉ፣ መጠገን የሚችለው ሁሉ እንዳንተ ሄዷል። ጎረቤታችን ሰፊዋ «ባልሽ ሞተ፣ ልጅሽ ተሰደደ፤ እንግዲህ በጥርሳችን እንስፋ?» ስትለኝ፣ ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ።

አሁን የእሷ ልጅ በአባትህ የሥራ ጠረጴዛ ላይ መጠገን ጀምራለች። እጇ መልካም ነው። አንተና አባትህ ግራኞች ስለሆናችሁ መፍቻው ሁሉ የተሰቀለው በግራ በኩል ነው። «እትዬ፣ ወደ ቀኝ ላዙረው?» ብትለኝ፣ «ልጄ ሲመጣ በምን ሊሠራ ነው?» ብዬ ጮኽኩባት። ምስኪን፣ ክንዷን እያጣመመች ትሠራለች።

ሳያት አንጀቴን በላችኝ። እዚያም ሠራተኛ ጠፍቶ አጥብቀው እንደያዙህ፣ ቶሎም እንደማትመጣ አውቃለሁ። እባክህ ልጄ፣ «ታዙረው» በለኝ። ካንተ አፍ ካልሰማሁ ሆዴ እሺ አይለኝም።

ሥራህ ይቅናህ፤ ስትታመም ውሃ የሚያቀብልህ ሰው አይጥፋ።

እናትህ