ከበርጩማው ፊት የምትቆመው ባቡር

ሞላሌ፣ ሰኔ 1998 ዓ.ም.

ውድ ይታየው፣

ይህን ደብዳቤ አንተ ዘንድ የሚያደርስ ፖስታ ቤት እንደሌለ አውቃለሁ። ሰባት ዓመት በሆዴ ስጽፈውና ስሰርዘው ኖሬ አልወጣልኝ ስላለ፣ ዛሬ ሱቄን ዘግቼ፣ የሰው ሬዲዮ ሁሉ እንደተፈታ ወደ ጥግ ገፍቼ፣ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ውጭው ጉም ነው። የሞላሌን ሰኔ ታውቀዋለህ፤ ሰው ካልተጋጨ በቀር አይተያይም። ከጉሙ ውስጥ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ቀና እላለሁ። ይህ አንተ ከሄድክ ወዲህ የመጣብኝ አመል ነው።

እናትህ እማማ ተሾመች ደኅና ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ከቤተ ክርስቲያን አይቀሩም። የምጽፍልህ ግን ስለ አባትህ ትንሽ ባቡር ነው። ስለ እሷ ካልጻፍኩ ስለ ሌላው መጻፍ አልችልም።

አባትህ ጋሽ ገብረየሱስ ከድሬዳዋ በጡረታ ሲመለሱ ያመጧትን ዕለት ታስታውሳለህ? ሃያ ስድስት ዓመት ባቡር ሲጠግኑ ኖረው፣ ፈረንሳዊ አለቃቸው አገሩ ሲገባ የተወላቸው መጫወቻ ነበረች፦ መዳፍ የማትሞላ ባቡር፣ ሁለት ፉርጎ፣ አንድ ካርቶን ሐዲድ። ሐዲዱን በሰፊ ጣውላ ላይ ዙሪያውን ቸነከሩት፣ ጣውላውን መደብ ላይ አጋደሙት፣ ወፍጮ ቤት በምናስሞላው የመኪና ባትሪ ላይ ፍጥነት የሚጨምርና የሚቀንስ ማዞሪያ ገጥመው አስነሷት። በገበያ ቀን ባቡር አይቶ የማያውቅ መንዜ ሁሉ ደጃፋችሁን ሞላው። "ጅቡቲ የምትደርሰው ይቺው ናት?" ብለው ሲጠይቋቸው፣ አባትህ ሳይስቁ "እንኳን ጅቡቲ፣ ከመደቡ ማዶ ከደረሰች ተመስገን ነው" ይሏቸው ነበር።

እውነትም አትደርስም ነበር። አንድ ክንድ ያህል ትሄድና ትንቀጠቀጣለች፣ ትቆማለች፣ በጣት ካልተገፋች አትነሳም። እኛ ሞተሯ ደክሟል አልን። አባትህ ግን "ባቡር በጉልበት አይደለም የሚሄድ፣ በንጽሕና ነው" አሉን። ንጽሕና ሲሉን ምን አደረግን? መንዜ አይደለን፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ የባና ቁራጭ አምጥተን ሐዲዱን ስንፈትገው ዋልን። በማግስቱ ባቡሯ ጭራሽ አልነሳም አለች። ገልብጠው ሲያዩዋት የበጉ ጠጉር በእግሮቿ ዘንግ ላይ እንደ እንዝርት ተጠምጥሞ ጥርሶቿን ሁሉ አንቋቸዋል። "ብርድ እንዳይመታት ባና አለበሳችኋት!" ብለው ጮኹብን። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በመርፌ ጠጉር ስንለቅም ቆየን፤ አንተ ሳቅህን መያዝ አቅቶህ ሁለቴ ከቤት ተባረርክ።

ከዚያ ወዲያ ነው ሥራውን የተማርነው። ሐዲዱንና እግሮቿን አረቄ በነካ የጥጥ ጨርቅ እንጠርጋለን፤ የአረቄው ግማሽ ወዴት እንደሚገባ አባትህ ያውቁ ነበር። የስፌት መኪና ዘይት በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ እናደርጋለን፤ ሁለት ከሆነ ቆሻሻ ትሰበስባለች። ከብዳ ሐዲዱን ቆንጠጥ እንድታደርግ ሆዷ ውስጥ የእርሳስ ብረት ጨመርንላት። አባትህ በፍጥነቷ አይደነቁም። "የሚሮጥማ ሁሉም ይሮጣል። ቀስ ማለት የሚችል ነው ደኅና ባቡር" ይሉ ነበር። መለኪያቸው አቡነ ዘበሰማያት ነበር፦ ሳይቸኮል አንድ ጊዜ ተደግሞ እስኪያልቅ ባቡሯ ሳትንገጫገጭ አንድ ዙር መጨረስ አለባት። በ1989 እስኪያርፉ ድረስ አላሳካንላቸውም። ሁልጊዜ "ሲሳየነ" ላይ ስንደርስ ትርገፈገፍና ቀጥ ትላለች።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" ይባላል። በእኔ የደረሰው ያመለጥኩት መስሎኝ ሳለ ነው።

የካቲት 1991 ነበር። ለጦር ግንባሩ ዘመቻ አብረን ልንመዘገብ በአባትህ መቃብር ተማምለናል። አንተ ስትምል እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም ነበር፤ መሐላዬ ከዚያ የዘለለ አልነበረም። ጠዋት ቀድሜ መጥቼ ከጣውላው አጠገብ በርጩማህ ላይ ተቀመጥኩ። አንተ ከውጭ ጎረቤት ትሰናበታለህ፣ እናትህ ጓዳ ስንቅህን ያስራሉ። ፈራሁ፣ ይታየው። ሌላ ስም የለውም፣ ፈራሁ። ፒንሳ አነሳሁና ከበርጩማው ፊት ያለችውን አንዲት ሐዲድ ግራና ቀኝ መጋጠሚያዋን ጠምዝዤ አላቀቅኩት። ኤሌክትሪኩ ከሁለቱም ወገን ተቋረጠባት። ስትገባ "ሐዲዱ ተበላሽቷል። እማማ ብቻቸውን ሲቀሩ የምታጫውታቸው እሷ ናት፤ ይቺን አስተካክዬ እደርሳለሁ" አልኩህ።

ፒንሳውን አየኸው። ቀጥሎ እኔን አየኸኝ። እኔ ስነሳልህ ጋቢህን አውልቀህ በርጩማው ላይ ጣል አደረግክና፣ ሳቅ ብለህ "ቶሎ ና" አልከኝ። ወጣህ። የመኪናውን ጡሩምባ እዚያው ቆሜ ሰማሁት። ገብቶህ ነበር? ገብቶህ ከነበረ ለምን አልሰደብከኝም? ብትሰድበኝ ኖሮ እኮ እስከ ዛሬ ረስቼው ነበር።

በመጀመሪያው እሑድ እናትህ ከቅዳሴ ሲመለሱ "እስቲ አስነሳልኝ" አሉ። ባቡሯ እየተንቀጠቀጠች ሄደች፣ ሄደችና ከበርጩማህ ፊት ቆመች። በጣቴ ልገፋት እጄን ስዘረጋ "ተወው!" አሉኝ። "አላየኸውም? ከመቀመጫው ፊት እኮ ነው የቆመ። ልጄ በአሳቡ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነው። ይረፍበት።"

ያን ጊዜ አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። አልተነፈስኳትም። ፊታቸው በርቶ ነበር፣ እኔም እዚያ ብርሃን ውስጥ ተደበቅኩ። ከዚያ በኋላ በየእሑዱ እንዲሁ ሆነ። አንስተው ከማዶ ያስቀምጧታል፣ እኔ አስነሳለሁ፣ ከበርጩማህ ፊት ትቆማለች፣ እሳቸው የሳምንቱን ወሬ ይነግሩሃል፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ ወለደችው በግ። ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ቆማ ትሰነብታለች።

በ1995 መርዶህ መጣ። ተለቀሰ፣ ተዝካርህ ወጣ። ከእንግዲህ ይተዉታል ብዬ ነበር፣ ጭራሽ ባሰ። "ድሮ አሳቡ ነበር የሚመጣ፣ አሁን ነፍሱ ናት" አሉ። ጎረቤታችሁ ደብሪቱ ሳታማትብ ያንን ክፍል አታልፍም። እናትህ አይፈሩም። የሚፈራው እኔ ነበርኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ በገዛ እጄ የጠመዘዝኩትን ሐዲድ እያወቅኩ፣ ባቡሯ ቀጥ ስትል የአንገቴ ጠጉር ይቆማል። ጋቢህ በርጩማው ላይ እንደ ሰው ጉብ ብሎ እጄን ያየኛል። ፒንሳ ይዤ እንደሆን የሚያይ ይመስለኛል።

የዘንድሮ ፋሲካ በዋለ በሦስተኛው ቀን እናትህ ባቡሯን በሻሽ ጠቅልለው ሱቄ መጡ።

"ገደልኩት መሰለኝ፣ ወዳጆ።"

"ምን ሆነች እማማ?"

"ቅቤ ቀባሁት። ለበዓል የመጣ ልጅ አናቱ ቅቤ ሳይነካው ይዋል እንዴ? ትንሽ ነበር ያደረግሁ። አሁን በጣትም ብገፋው አይሄድ።" ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "እንደ ድሮው አድርግልኝ፣ የኔ ልጅ።"

አራት ቀን ሠራሁባት። ቅቤው ወደ ውስጥ ወርዶ በመንዝ ብርድ ረግቷል፣ ጥርሶቿን እንደ ሰም ይዟቸዋል። ከቅቤው ሥር የጠቆረ የድሮ ዘይት፣ ከዘይቱ ሥር ምን ባገኝ ጥሩ ነው? አንዲት የባና ክር። ያን ቀን ስንለቅም ያመለጠችን ናት። ለቅሜ አወጣኋትና የክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀመጥኳት። ሁሉንም በቤንዚን አጠብኩ። የሞተሯ ካርቦን አልቆ ስለነበር ከሬዲዮ ድንጋይ ውስጥ ያለውን ከሰል ሞርጄ ቀየርኩላት። ኤሌክትሪክ የሚቀበሉት የመዳብ ምላሶች ከስድስቱ እግሮች ሁለቱን ብቻ ነበር የሚነኩት፤ ሁሉንም እንዲነኩ አቃናኋቸው። አንዲት አንዲት ጠብታ ዘይት ሰጠኋት። ትርፍ ሐዲድና ማዞሪያውን ሱቄ አምጥቼ፣ ግማሽ ቀን ወደ ፊት፣ ግማሽ ቀን ወደ ኋላ አስኬድኳት፣ ጥርሶቿ እንዲለማመዱ። በአራተኛው ቀን ማዞሪያውን በጥቂቱ ስነካው፣ ያለ ድምፅ፣ ያለ መንቀጥቀጥ፣ ቀስ ብላ ተነሳች። አባትህ ይህን ሳያዩ ሞቱ ብዬ አለቀስኩ።

ከለቅሶው ቀጥሎ ሌላው መጣ። ባቡሯ ድናለች፣ ሐዲዱ ግን እንደ ጠመዘዝኩት ነው። እማማ ያሉኝ "እንደ ድሮው" ነው፤ እንደ ድሮው ለማድረግ ዝም ማለት ብቻ ይበቃኛል። ሦስት ሌሊት ተገላበጥኩበት። ባቡሯን ከቆሻሻዋ ሁሉ አጽድቼ በውሸቴ ላይ ላስኬዳት ነው? በንጽሕና ነው የሚሄድ ያሉት ሰውዬ መቃብር ላይ አይደለም እንዴ የማልኩት? እሑድ እሳቸው ቅዳሴ ላይ ሳሉ ገብቼ፣ በዚያው ፒንሳ ሁለቱን መጋጠሚያዎች አቃናሁ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ለአሥር ደቂቃ ሥራ ሰባት ዓመት ቆየሁ።

መጡና ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። አስነሳኋት። እየተሳበች ወደ በርጩማህ ቀረበች። እናትህ ሊያወሩህ አፋቸውን ከፈት አደረጉ። ባቡሯ አለፈች።

"አልፎ ሄደ" አሉ። ዞራ መጣች፣ ደግማ አለፈች። "ምነው? ምን አስከፋነው? በቅቤው ነው?"

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መሐላውን፣ ፍርሃቴን፣ ፒንሳውን።

"እና ሰባት ዓመት ያቆምከው አንተ ነህ?"

"አዎ እማማ።"

"እሱ አንድ ቀንም አልመጣም?"

ይህን ጥያቄ ለአንተ ነው የምተወው፣ ይታየው፤ እኔ የማውቀው ስለ ሐዲዱ ብቻ ነው። "ውጣ" አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

ሦስት እሑድ አልጠሩኝም። አንድ የገበያ ቀን ቀና ስል በከዘራቸው ተደግፈው ሱቄ ደጃፍ ቆመዋል። "እሑድ ና። ባትሪውን አስሞልተህ" ብለው ሄዱ።

እሑድ ስገባ ማዞሪያውን እሳቸው ይዘውታል። ድሮ ነክተውት አያውቁም ነበር፤ በባትሪው በቀረው ትንሽ ኃይል ለብቻቸው ሲለማመዱ ከርመው ኖሯል። አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። ባቡሯ ተነሳች። "ሲሳየነ" ላይ ደረሱ፤ አልተንቀጠቀጠችም። ከበርጩማህ ፊት ስትደርስ ማዞሪያውን ቀስ አድርገው መለሱት፣ ቆመች። ጸሎቱን ገታ አደረጉት።

"ልጄ፣ እንዳልመጣህ ነገሩኝ" አሉህ። "ከመጣህም እኔ አላወቅሁም። ስትዘምት ስንቅህን ሳስር ፊትህን በወጉ አላየሁትም፣ ደኅና አልሸኘሁህም። አሁን ልሸኝህ። ሂድ እንግዲህ።"

ማዞሪያውን ነኩት። ሳትናጥ፣ ማንም በጣቱ ሳይገፋት፣ ተነሥታ ሄደች። ጸሎቱን ካቆሙበት ቀጥለው "ለዓለመ ዓለም" ሲሉ ዙሩን ጨረሰች። የአባትህ ልክ ሞላ። ከዚያ ጋቢህን ከበርጩማው አንስተው አጣጠፉት፣ ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

"ና ተቀመጥ" አሉኝ ወደ በርጩማው እያመለከቱ።

"ይሄማ የይታየው ነው፣ እማማ።"

"እሱን ሸኘሁት፣ አላየህም? አንተን ግን አልሸኘሁህም። ተቀመጥ።"

ተቀመጥኩ። ባቡሯ ዞራ መጥታ ከጉልበቴ ፊት ቆመች። እማማ እጃቸውን ከማዞሪያው ላይ አነሡ።

"በል ንገረኝ። ያን ቀን ከጠዋቱ ጀምረህ። የሳቀውንም ሳቅ ሳትተው።"

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ እነግራቸዋለሁ። "ቶሎ ና" ካልከኝ ላይ ስደርስ አበቃለሁ። ባቡሯ ከጉልበቴ ፊት ትጠብቃለች። አንዳንድ እሑድ ማዞሪያውን ይነኩትና ትሄዳለች፣ ያን ጊዜ ተሸኝቼ ቤቴ እገባለሁ። አንዳንድ እሑድ ደግሞ ሳይነኩት ተነስተው ወደ ጓዳ ይገባሉ፣ እስከ ምሽት ከእሷ ጋር ተፋጥጬ እቀመጣለሁ። ምንም ጉድለት የላትም። ሐዲዱም ደኅና ነው። ባለፈው እሑድ አልነኩትም።

በጣቴ አልገፋትም፣ ይታየው። ለዚያች አንዲት ነገር እንኳ እመነኝ።

እደርሳለሁ ብሎህ የቀረው፣
ወዳጆ