ፊት የላጠው እጅ

ጥቅምት 4
ጠዋት የሳሎናችንን ፎጣዎች አጠብኩ፣ ወንበሮቹን ወለወልኩ። ደንበኛ የለም። ታላቅ እህቴ፣ እታለም፣ ደጃፍ ላይ ከአንድ ሻጭ ጋር ስትከራከር ቆይታ አዲስ አሲድ ይዛ ገባች። ጥቁረት እንዲለቅ የፊት ቆዳ የምንልጥበት ነው። ጠርሙሱ ላይ አንዲት ፊደል የለችም።
«ጥንካሬው ምን ያህል ነው?» አልኳት።
«በአንድ ቀን የሚልጥ።»
ይሄ መልስ ነው? ጠርሙሱን ተቀብዬ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሙያውንም ያስተማረችኝ እሷ። ፊቷ ስቆም አፌ ይተሳሰራል...

ጥቅምት 9
አንዲት ትራፊክ ፖሊስ መጣች። ሳቂታ ናት። «መኪናውንስ አስቆማለሁ፣ ፀሐይዋን ማን ያስቁምልኝ?» አለችና የጠቆረ ጉንጯን አሳየችን።
ከጆሮዋ ጀርባ ትንሽ ቀብተን ነገ እንየው አልኩ። ሥራዋም ፀሐይ ላይ ነው... እታለም ብሩሹን ከእጄ ቀማችኝ። «የገባ ደንበኛ አይመለስም!»
ዓይኗን በጥጥ ሸፍና ቀባቻት።
«ያቃጥላል።»
«ማቃጠሉ መሥራቱ ነው፣ የኔ እህት። ቻል አድርጊው።»
«ኧረ በጣም ያቃጥላል! አንሱልኝ!»
ጉንጯ ነጭ ሆነ፣ እንደ ኖራ። ውሃ ይዤ ሮጥኩ። ስናጥባት ጮኸች። ሐኪም ቤት ያደረስኳት እኔ ነኝ። እታለም አልመጣችም። «ሱቁን ማን ይጠብቃል?»

ጥቅምት 10
ዛሬም እጄን ደጋግሜ እታጠባለሁ። የቀባሁት እኔ ሳልሆን...

ጥቅምት 15
ትራፊኳን ልጠይቃት ሄድኩ። ግማሽ ፊቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ጠባሳው አይጠፋም ብለዋታል። ትንሿ ልጇ ልትስማት ፈርታ አባቷ ጀርባ ተለጥፋለች።
«የማን እጅ ነበር?» አለችኝ። «ዓይኔ ተሸፍኖ... ያንቺ ነው?»
«አይደለም።»
የእህቴን ስም ግን አልጠራሁም። ለምን? የሳሎኑ ሰው ሁለት ነው። ሳልናገር ተናገርኩ ማለት አይደል?

ጥቅምት 22
ከጤና ቢሮ አንዲት ተቆጣጣሪ መጡ። ጠና ያሉ ሴት ናቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ጠርሙሱን በጓንት ይዘው አገላብጠው አዩት።
እታለም ሳቀች። «የትኛውን ሕግ ጣስኩ?»
ተቆጣጣሪዋ ፈቃዳችንን ከግድግዳው አውርደው አነበቡት። ፈቃዳችን የሚያወራው ስለ ፀጉርና ስለ መቀስ ንጽሕና ነው። አሲዱን ማን ይያዘው፣ ምን ያህል ይጠንክር... ምንም አይልም። ለካ እስከ ዛሬ በሰው ፊት የምንጫወተው ከልካይ ስለሌለን ነው።
ሲወጡ ወደ ጥግ ሳብ አደረጉኝ። «ደንብ እየረቀቀ ነው። የውበት ባለሙያዎች የሚሰበሰቡበት ቀን አለ። ያየሽውን ትናገሪያለሽ ወይ ልጄ?»
ምሳ ላይ እታለም፦ «ቤቷ ሌላ ቅባት ተቀብታ ነበር በይ። አለቀ።»
«አልተቀባችም እኮ።»
«አንቺን ያሳደግሁት ለዚህ ነው?»
የያዝኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

ኅዳር 6
ስብሰባው ዛሬ ነበር። አዳራሹ በሳሎን ባለቤቶች ጢም ብሏል። አንዷ «ሐኪሞች ገበያችንን ሊነጥቁን ነው!» ስትል ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አንድ የቆዳ ሐኪም ተነሣ። «ፊት ግድግዳ አይደለም፤ ሲበላሽ እንደገና አይለሰንም።» ማንም አላጨበጨበለትም።
ትራፊኳ ከኋላ፣ በሻሽ ተሸፋፍና። እታለም ከፊት።
ተራዬ ሲደርስ ወንበሩን ተደግፌ ተነሣሁ። ጠርሙሱ ጽሑፍ እንዳልነበረው ተናገርኩ። ሳንሞክር እንደቀባን። ከዚያ...
«የቀባቻት እህቴ ናት። እኔ ቆሜ አይቻለሁ።»
ትራፊኳ ተነሥታ ሻሿን ገለጠች። ሁሉም እንዲያይ ቀስ ብላ ዞረች። 
እታለም በር ላይ ጠበቀችኝ። «ጡት ነካሽ!» አለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሄደች።

ኅዳር 7
ልብሴን በፌስታል አድርጋ ደጅ አውጥታዋለች። አጣጥፋ ነው ያስቀመጠችው... እሱ ነው ያስለቀሰኝ።

ጥር 18
ደንቡ ወጣ። ጠንካራው አሲድ ለሐኪም ብቻ። ለኛ ቀላሉ፣ እሱም ተምረን፣ ተፈትነን። ጥንካሬው ያልተጻፈበት ጠርሙስ ክልክል። ሳይሞክሩ መቀባት ክልክል። በዚሁ ደንብ የእታለም ሱቅ ታሸገ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።
ትራፊኳን ፀሐይ አይንካሽ ብለው ቢሮ አስገብተዋታል። «መንገዱ ናፈቀኝ» አለችኝ። 

የካቲት 25
አሁን በረዳትነት የምሠራበት የቆዳ ክሊኒክ አንዲት ወጣት መጣች። አገጯ ተልጦ ውሃ ቋጥሯል።
«የት ነው የተሠራሽው?»
«አንዲት ሴትዮ ጋ። መኝታ ቤቷ ውስጥ ትሠራለች። ሰው ለሰው ይጠቋቆማል።»
ሰፈሩን ጠየቅኳት። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር... በሩን አውቀዋለሁ።
ልጅቷን ለሐኪሙ አስረክቤ ለእታለም ደወልኩ። አነሳች።
«በናትሽ ተይው፣ እታለም። ሌላ ሰው ደግሞ...»
«ማን ልበል?» አለችና ዘጋችው።

የካቲት 26
ሄጄ አንኳኳሁ። ውስጥ የሴቶች ጫጫታ ነበር፤ ጸጥ አለ። ስሟን ጠራሁ። መጋረጃው ነቅነቅ ብሎ ተመለሰ። አልተከፈተልኝም።
መንገድ ዳር ቆሜ ለተቆጣጣሪዋ ደወልኩ። አድራሻውን ስነግራቸው ቃል በቃል እየደገሙ ጻፉ።
«ቤቱን እርግጠኛ ነሽ ወይ ልጄ?»
«ያደግሁበት ነው» አልኳቸው።