በብረቱ ውስጥ የቀረው ነጭ ብናኝ

ቡታጅራ፣ ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ትናንት ለጉድጓድ ቆፋሪው ለከድር የመውጫ ገመዱን የሚይዙ መንጠቆዎች ልናፈስ ስንል ምድጃችን የሚሠራበት መብራት መቆራረጥ ጀመረ። የቀለጠው ብረት ውስጥ ያለውን ኦክስጅን እንዲይዝልን አሉሚኒየም የጨመርነው ገና ያኔ ነበር። ሁለቱ ሲዋሃዱ ደቃቅ አሉሚና ይሆናሉ። ጊዜ ከሰጡት ወደ ላይ ይንሳፈፍና ከቆሻሻው ጋር ይገፈፋል።

"ትንሽ እንታገስ" አልኩ።

የወርክሾፑ ባለቤት ሸምሱ ግን "ምድጃው ውስጥ ቢረጋብንስ? አፍስሱት!" አለ። ፈሰሰ።

ዛሬ ከሰዓት አንዱን በመዶሻ መታሁት። መጣመም ሲገባው ተሰበረ። ስብራቱ ላይ እንደ ዱቄት የነጣ መስመር አየሁ፤ ሳይገፈፍ የቀረው አሉሚና ነው። የቀሩትን ልሰበስብ ስሄድ አንዱ የለም።

"ከድር ጠዋት መጥቶ ወስዶታል" አለ ሸምሱ።

ወዲያው ደወልኩለት። ያነሳችው ሚስቱ ናት።

"ከድር ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ እህቴ። ስልኩን ለኔ ሰጥቶኝ ወረደ።"

"ገመዱን ያሰሩት በየትኛው መንጠቆ ነው?"

"በአዲሱ ነዋ!"

"በሱ እንዳይስቡት! ሌላ ገመድ ጣሉለት!"

የሚስቡትን ሰዎች በስማቸው እየጠራች ስትሮጥ ሰማሁ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ብደውልም አይነሳም።

ሸምሱ ከድር ወደሚቆፍርበት ወደ መስቃን የሚወስደን መኪና ሊያመጣ ሄደ። ዝም ብዬ መቀመጥ ስላቃተኝ ይህን እጽፋለሁ። ከድር ሁልጊዜ ቀድሞ የሚወርደው ራሱ ነው፤ አብረውት የሚሠሩትን ልጆች አያስወርድም።

ሸምሱ ከውጭ ክላክስ እያደረገ ነው። ስልኬ ግን እስካሁን አልጠራም።