የአባባን መኪና ቺንጋ ስቀይር

ይድረስ ለምወድህም ለምቀናብህም ታላቅ ወንድሜ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራው፣ ብርዱ፣ የቤትህ ሰላምስ? ባለቤትህን ሳሉ ለቀቃት ወይ? ትንሿ ልጅህስ መሄድ ጀመረች? እኛ ደህና ነን፤ እማዬም ከወገቧ በቀር ደህና ናት። እኔም አካሌ ደህና ነው፣ ሆዴ ግን ቆስሏል። በስልክ ያልነገርኩህ አንተ ስትደውል ስልኩ ከአባባ እጅ ስለማይወጣ ነው።

ነገሩ የአባባ አሮጌ መኪና ነው። የሞተሩን የጎን ሽፋን ፈትቼ ባየው ታይሚንግ ቺንጋው፣ የሞተሩን ላይና ታች አብሮ የሚያዞረው ጥርሳም ቀበቶ፣ ተሰነጣጥቋል፣ ጥርሶቹም ተበልተዋል። አንተ ከመሄድህ በፊት የቀየርከው ነው። መንገድ ላይ ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ተጋጭተው ሞተሩ አለቀለት ማለት ነው፤ አባባ ደግሞ ከዚያች መኪና ሌላ መተዳደሪያ እንደሌለው ታውቃለህ። ልቀይርልህ ብለው፣ ወንድምሽ ለእረፍት ሲመጣ ያየዋል አለኝ። ጋራዥ ውስጥ የሰው ሞተር ስፈታና ስገጥም የምውል ሴት፣ ለአባቴ መኪና ውሃ ከመሙላት አላልፍም። አንጀቴ ቅጥል አለ።

ለመንኩት፣ ተቆጣሁ፣ እማዬን አማላጅ ላክሁበት፤ ወይ ፍንክች! በኋላ ለአንተ ደወለ። ከጓዳ ሲወጣ ፊቱ በርቶ፣ ትችላለች ብሏል፣ ጀምሪ አለኝ። አየህ፣ ስለ እኔ ደግ ተናገርክና ይባስ አናደድከኝ። የእኔ እጅ ዓይኑ ሥር እያለ ያመነው ባሕር ማዶ ያለውን የአንተን አፍ ነው።

ጀመርኩ። ላይና ታች ያሉትን ጥርሳም መዘውሮች ምልክታቸው ላይ አቆምኳቸው። አንተ በነጭ ቀለም ያደረግከው ምልክት እስከ ዛሬ አለ፤ በቤንዚን ጠርጌ በቢጫ የራሴን አደረግኩ። ቅናት ነው በለኝ፣ አዎ ቅናት ነው። አዲሱን ቺንጋ አስገብቼ፣ ወጥሬ፣ ቡሎኖቹን አጠበቅኩ። ከዚያ ሞተሩን በመፍቻ በእጄ አዙሬ ምልክቶቹ መግጠማቸውን አየሁ። አባባ ይህን ሁሉ ጊዜ አናቴ ላይ ቆሞ፣ ወንድምሽ እኮ መፍቻ ሲይዝ እንዲህ ነበር ይለኛል። ጥርሴን ነክሼ ሽፋኑን መልሼ ገጠምኩ።

አባባ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ በአንዴ ተነሳ፤ ድምፁ ልስልስ ያለ ነው። ዕድሜውን ሙሉ መሪ ጨብጦ የኖረ፣ የሞተር ሕመም በጆሮው የሚለይ ሰው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ስልኩን አውጥቶ ለአንተ ደወለና ወደ ሞተሩ አስጠጋው። እኔ በግራሶ የተለወሰ እጄን አንጠልጥዬ ቆሜያለሁ። አንተ ጥሩ ነው አልከው። ያኔ ወደ እኔ ዞሮ፣ ጎበዝ አለኝ። ስንት ዘመን የጓጓሁላት ቃል ናት፤ በአንተ በኩል ዞራ ስትመጣ ግን አልጣመችኝም።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ ናፍቀሃታል፣ ፎቶህን እያየች ከሳ ወይስ ወፈረ ትለኛለች። ከአባባ የሰላምታ መልእክት የለኝም፣ እሱ በየቀኑ ያገኝሃል።

አንድ ነገር ብቻ ለምኜሃለሁ። ከእንግዲህ ስልኩን ሞተር ላይ ሲያስጠጋልህ፣ ጥርት ብሎ ቢሰማህ እንኳ፣ አይሰማኝም አባባ፣ አጠገብህ ያለችውን ጠይቃት በለው።

እህትህ
ከጋራዡ ጀርባ ካለችው ክፍል፣ እሁድ ከሰዓት