ግድግዳው ዝም ያለበት ጠዋት

ጥቅምት 14 ቀን
ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ

ይድረስ ለግድግዳ ጎረቤቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? የኛ ደረጃ ከቀረልሽ ወዲህ ትንሽ አረፈ ወይስ ሮውሌትም ደረጃ አለ? የምትጠብቂያቸው አሮጊት ጤናቸው እንዴት ነው? አንቺን ችለው ስድስት ወር ከቆዩ መቼም ብርቱ ሴት ናቸው። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ስኳሬ ወርዷል። ሐኪሟ አላምን ብላ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየችው። አንድ የጎደለኝ ነገር ያወጣሽልኝን ስም የሚጠራልኝ ሰው ነው። ኤርፖርት በባጄ ላይ ባለው ስም፣ ቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስሜ፣ ብሎጉ ላይ በብዕር ስም ይጠሩኛል። ያኛውን ግን ካንቺ በቀር ማንም አያውቀውም፤ አብሮሽ ሄደ።

ባንቺ ቤት የገባው ሰውዬ ዝምተኛ ነው። እኔም ለአንድ ወር ያህል ልማዴ አልለቀቀኝም ነበር። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስነሳ እጄ ማንኪያውን ያነሳና ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ከዚያ የምርኩዝሽን አንዲት ምት ቆሜ እጠብቃለሁ። ሰውዬው ለአፓርታማው ኦፊስ አመለከተብኝ። የጠዋት ሰላምታ ነው ብዬ ባስረዳ ማን ይገባዋል? ማንኪያውን ወደ መሳቢያው መለስኩት።

ስልክ ስለማታነሺ አድራሻሽን ከጋሼ ክፍሉ ለምኜ ነው የጻፍኩልሽ። ስልክ ጆሮ ላይ ይዘጋል፣ ወረቀት አይዘጋም። መቅደድ ትችያለሽ፤ ግን አውቅሻለሁ፣ ሳታነቢ አትቀጂም።

ብሎጉ ዛሬ ዓመት ሞላው። ብትክጂም ያስጀመርሽኝ አንቺ ነሽ። ስኳርሽ ከፍ ብሏል አሉኝ ብዬ ስነግርሽ፣ ከምትለቅሚው ምስር ቀና እንኳ ሳትዪ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው በዊልቼር ስትገፊ ትውያለሽ፣ ማታ ሶፋ ላይ ትወድቂያለሽ፣ ሶፋው ራሱ ስኳር ሊይዘው ነው፣ ውጪና ተራመጂ አልሽኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ከንዴቴ የተነሳ የት እንደምሄድ ሳላውቅ ነድቼ ነድቼ ዋይት ሮክ ሐይቅ ደረስኩ። ነድቼ ነድቼ ስልሽ አስር ደቂቃ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ አስር ደቂቃ ርቆኝ የተቀመጠ ሐይቅ አላየሁም ነበር።

መጀመሪያ ዳር ላይ የተሰጣ አንሶላ መሰለኝ። ጠጋ ስል አንሶላው አንገት አወጣ። ፔሊካን የሚባሉ የውሃ ወፎች ናቸው፤ ነጫጭ፣ አንዱ ክንፉን ሲዘረጋ ከመኪናዬ ይሰፋል። መቶ ይሆናሉ። ውሃው ላይ ግማሽ ክብ ሠሩና ዓሣውን ቀስ እያሉ ወደ ዳር ነዱት፤ ከዚያ ሁሉም ባንዴ አንገታቸውን ደፉ፣ ባንዴ ቀና አሉ። ማንም አላዘዛቸውም። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ከኋላዬ አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ሲመጣ ሳይ እጄ ሳላዘው ወደ ቦርሳዬ ገባና ግሪን ካርዴን አወጣ። ሰውዬው የፓርክ ጠባቂ ነው። ካርዱን አየ፣ እኔን አየ፣ ግራ ገባውና ሩቅ የሚያሳየውን መነጽሩን ከአንገቱ አውልቆ ሰጠኝ። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ከሰሜን እንደሚመጡ፣ ሚያዝያ ላይ እንደሚመለሱ ነገረኝ። ያን ሁሉ አገር አቋርጠው፣ ማንም ዊልቼር ሳይገፋላቸው! ካርዴን እጄ ላይ እንደያዝኩ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

በማግሥቱ ሥራ ቦታ ለፅዮን ያየሁትን ሳወራላት፣ ያቺ ከኔ ጋር ዊልቼር የምትገፋዋ፣ ሶ ለምን ብሎግ አትጀምሪም፣ ኢዚ ነው፣ እኔ ሴትአፕ አደርግልሻለሁ አለችኝ። እግረ መንገድ ብለን ሰየምነው። በመጀመሪያው ሳምንት አስራ አንድ ሰው አነበበው፤ ዘጠኙ የፅዮን ዘመዶች ናቸው። ላንቺ ሳሳይሽ፣ ዳክዬ ልታዪ ቤንዚን ታቃጥያለሽ ብለሽ ስልኬን መለስሽልኝ። ግን እስከ መጨረሻው አንብበሽ ነው የመለስሽልኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር አየሁ መሰለሽ። ጋርላንድ ከመንገዱ ዳር፣ ከአንድ ጎማ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ ከከተማው በፊት የነበረ የኦክ ዛፍ አለ፤ ሦስት ሆነን ተያይዘን ብናቅፈው እጃችን አልገጠመም። የብርቱካን ቀለም ያላቸው ቢራቢሮዎች ወደ ሜክሲኮ ሲያልፉ አንዷ ባጄ ላይ አርፋ ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። ፍሪስኮ ቢሮ የምትሠራ ሐይማኖት የምትባል አንባቢ አለችኝ። የኔን ካነበበች በኋላ አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ቀና ብላ ስታይ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት የጭልፊት ጎጆ፣ እናትየዋ ጫጩቶቿን ስታጎርስ። አምስት ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እንባዬ መጥቶ ሚቲንጉን ረስቼ ወጣሁ ብላ ጻፈችልኝ። እንግዲህ ይሄን ሁሉ ማን ደብቆብን ነበር? ማንም። እኛው ነን ቀና ያላልነው።

አርባ ሦስት ጽሑፍ አወጣሁ። የዓመቱን ትልቁን ነገር ግን አልጻፍኩም። እሱን ላንቺ ብቻ ነው የምጽፈው።

መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ ፔሊካኖቹ ሳይሄዱ ብዬ አንባቢዎቼን ለቅዳሜ ጠዋት ቀጠርኳቸው። ሰባት ሰው መጣ፣ እዚሁ ግቢያችን ፓርኪንግ ተሰበሰብን። አንቺን ሦስት ጊዜ ለምኜሽ ሦስት ጊዜ እምቢ ብለሽኛል። ታዲያ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ሽማግሌ ልላክባት አልኩ። ሰው ፊት እምቢ ማለት ያቅታታል ብዬ፣ ጋሼ ክፍሉን ከፊት አድርጌ ሰባቱንም ወደ በርሽ ላክኋቸው። እኔ ደረጃው ሥር ተደብቄ ልስቅ ተዘጋጀሁ።

አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል። ጋሼ ክፍሉ ማን ናቸው? በዚህ ከተማ መርዶ ሲኖር ሁልጊዜ ከፊት የሚሄዱት ሰው አይደሉም እንዴ? እኔ የማስበው ሐኪም ተራመዱ ያላቸው መሆኑን ብቻ ነው። ብርድ ስለነበር ጋቢ ደርበዋል፤ ሴቶቹ ነጠላ ተከናንበዋል። ገና ጎህ እየቀደደ ሰባት ሐበሻ ድምፁን አጥፍቶ በር ላይ ቆመ። በዚያ ላይ እኔ መሐላቸው የለሁም። በዚያ ላይ፣ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ እንዳትጠረጥሪ ብዬ ያን ቀን ጠዋት ግድግዳውን አልመታሁም።

በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ጋሼ ክፍሉ እንደምን አደርሽ ለማለት እንኳ አልደረሱም። ደጃፉ ላይ ስትወድቂ ምርኩዝሽ በደረጃው እየተንከባለለ እኔ እግር ሥር መጥቶ ቆመ። አንድ ስም ጠራሽ። ደግመሽ ጠራሽው። ግድግዳው ዝም ሲል ልቤ ነግሮኝ ነበር፣ ልቤ ነግሮኝ ነበር እያልሽ፣ እንግዲህ ማን ቀረኝ አልሽ። ሰዎቹ ስሙን አያውቁትም። የግድግዳውንም ነገር አልተረዱትም፤ ሐዘን ያስቀባዠራት መሰላቸው። ጋሼ ክፍሉ ማንም አልሞተም፣ ለእግር ጉዞ ነው የመጣነው እያሉ ጋቢያቸውን አውልቀው ሲያለብሱሽ፣ ሐይማኖት ውሃ ፍለጋ ወደ ውስጥ ሮጠች።

በኋላ ስትረጋጊ ጎንደር ያለች አክስቴ የሞተች መስሎኝ ነው አልሻቸው። አመኑሽ፤ ለምን አያምኑም?

አክስት የለሽም። ክሊኒክ ስትሄጂ ፎርሙን የምሞላልሽ እኔ አይደለሁም እንዴ? ኢመርጀንሲ ኮንታክት የሚለው ጋ ስደርስ ማንን ልጻፍ ብዬ ስጠይቅሽ፣ የራስሽን ጻፊ፣ ቅርብ ስለሆንሽ ነው እንጂ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ አልሽኝ። ዝምድና የሚለው ጋ ጎረቤት ብዬ ሞላሁ። ሱዳን ካምፕ የወደድኩትን ሁሉ ተራ በተራ ቀብሬ መጣሁ፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ላይ ልቤን መጣል ትቻለሁ ያልሽኝም የዚያኑ ቀን፣ ወረፋ ስንጠብቅ ነው። እኔም አምኜሽ ኖርኩ።

ፓርኪንግ ነበርኩ ያልኩሽ ውሸት ነው። ደረጃው ሥር ነበርኩ፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሮጬ መውጣት ሲገባኝ እዚያው ቀረሁ። ፔሊካኖቹን ሳይ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ያን ቀን ግን ጩኸቴ እንዳይሰማ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩት። ያን ስም አንድ ሰው እንደዚያ አድርጎ ይጠራዋል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ሐይቁ አስር ደቂቃ ርቆኝ ነበር። ከዚህኛው ግን የለየኝ በመሐላችን ያለው ግድግዳ ብቻ ነበር።

ምርኩዝሽን ይዤ ስወጣ ከላይ እስከ ታች አየሽኝ። እጄን ያዝሽው፤ አጥንቴ እስኪያመኝ ያዝሽው። ከዚያ፣ አንቺ ዕብድ፣ ይሄን ሁሉ ሰው ሰብስበሽ የሰው እንቅልፍ ትረብሺያለሽ ብለሽ በሩን ዘጋሽብን። በሦስት ሳምንቱ ዕቃሽን ጠቅልለሽ ሮውሌት ገባሽ። ሰው ሁሉ ሥራ አግኝታ ነው አለ። እኔ ግን ያፈርሽ ይመስለኛል። ምኑ ነው የሚያሳፍረው? ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ይቅር በዪኝ። ስለ ሰማሁት ግን ይቅርታ አልጠይቅም።

ማክሰኞ ተመልሰው መጡ። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ሄጄ አየኋቸው፤ እዚያው ቦታ፣ ያው ግማሽ ክብ። ጠባቂው አወቀኝና ዘንድሮ ግሪን ካርድ የለም እንዴ ብሎ ሳቀብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። አትፍሪ፣ በርሽን አላንኳኳም፤ በጠዋት የሰው በር ማንኳኳት እርም ብያለሁ። መኪናውን ደጅ አቁሜ ጥሩምባውን ቀስ አድርጌ ሁለት ጊዜ እነካዋለሁ። መጋረጃሽን አንድ ጊዜ ገለጥ ካደረግሽው ይበቃኛል።

ያን ቀን የጠራሽውን ስም እዚህ አልጽፈውም። ባለቤቷ ግን ደህና ናት፣ ስኳሯም ወርዷል። መኪናው ውስጥ ሆና ትጠብቅሻለች።

እስከዚያው ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ክፉ ማንኳኳትን ከደጅሽ ያርቅልሽ።

ፎርሙ ላይ እንደተሞላው፣
ጎረቤትሽ