አፍ ሞልቶ ባሌ ለማለት

አርብ፣ ማርች 7

ተንከባካቢዬ ታሚካ እንደ ሁልጊዜው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጣች። አነሳችኝ፣ አጠበችኝ፣ አለበሰችኝ፣ ተሽከርካሪ ወንበሬ ላይ አስቀመጠችኝ። ፀጉሬን እየሠራች የወንድሟን ልጅ ስታማ ቆየች። እሷ ካልመጣች አልጋ ላይ ነኝ። እማ ወገቧ አይችለኝም። ኑሮዬ ይኼ ነው... አላማርርም።

ማታ የጾም ዓሣ ልንበላ ከፍቅረኛዬ ከሎዌል ጋር ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወረድን። እሱ አያይም፣ እኔ አልራመድም። እሱ ይገፋል፣ እኔ መንገድ እነግራለሁ። "ግራ! ግራ አልኩህ እኮ!" ድንች ከተሞላው ሊጥ፣ ከፒዬሮጊው ጠረጴዛ ጋር ተላተምን። ግማሹ ትሪ መሬት ላይ።

"ቬራ፣ እንጋባ" አለኝ እዚያው ቆሞ።

"መጀመሪያ ፒዬሮጊውን አንሳ።"

ግን የምሩን ነው። እኔም የምሬን መለስኩለት። ብፈርም መንግሥት በየወሩ የሚልክልኝ ቼክ ይቀራል፤ ቼኩ ሲቀር መንግሥት የሚከፍላት ታሚካም ትቀራለች። ጓደኛዬን ሪታን አላየሁም? አገባች፣ ገንዘቧ ተቆረጠ፤ የምትወደውን ባሏን ፍርድ ቤት ሄዳ ፈታችው። አሁንም አንድ ቤት ናቸው። እሱ "ተከራይ" ነው የሚባለው።

"እንግዲያው ሳንፈርም እንደግስ። ቄስ የለ፣ ፊርማ የለ" አለ።

እሺ አልኩት። ለምን ቅር አለኝ?

እሑድ፣ ማርች 9

ለእማና ለአክስቴ ለዶሎረስ ነገርኳቸው። ዶሎረስ የአባ እህት ናት፤ ከአባ የቀረችን እሷ ብቻ ናት።

"ሰርግ ነው?"

"አይደለም አክስቴ። ግብዣ ነው።"

"ባልሽ ይሆናል?"

"እንደ ባል ያለ ነገር..."

"እንደ ባል ያለ ደግሞ ምንድነው? በዕድሜዬ ብዙ ዓይነት ባል አይቻለሁ፤ እንደ ባል ያለ ግን አላየሁም።"

እማ ሳቋ አመለጣት። ዶሎረስ ግን አልሳቀችም። "ብስኩቱስ?" አለች። ግብዣ ነው፣ ብስኩት አያስፈልግም አልኳት። አንድ የምትወደው ሰው የሞተባት ነው የመሰለችው። በከተማችን በያንግስታውን ሰርግ ላይ ሙሽራዋ ብትቀር ይሻላል የብስኩቱ ጠረጴዛ ከሚቀር።

ቅዳሜ፣ ማርች 29

ዶሎረስ መች ትሰማለች! የጋራዧ ማቀዝቀዣ ሞልቷል። በለውዝ የተጠቀለለው፣ በአፕሪኮት የተሞላው፣ ዳንቴል የሚመስለው ስሱ... ጎረቤቶቿን ሁሉ አሰልፋ ታስጋግራለች። ፀጉር ቤት ስገባ እኩሉ ሰው "እንኳን ደስ ያለሽ ሙሽሪት" አለኝ። ደስ አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 8

ሪታ ደወለች። ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

"ሰርግሽን ፋርማሲ ውስጥ ሰማሁት። አብደሻል?"

"አንፈርምም እኮ።"

"ባትፈርሙስ! አንድ ቤት ገብታችሁ አገር ባልና ሚስት ካላችሁ፣ ቼኩን የሚሰጠው ቢሮ እንደተጋባችሁ ነው የሚቆጥራችሁ። እኔን እኮ የጠየቁኝ ጎረቤት ምን ብሎ ይጠራችኋል ብለው ነው።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እኔ ከፊርማ ስሸሽ አክስቴ በብስኩት ልትድረኝ ነው ማለት ነው? ፀጉር ቤቱ ያውቃል፣ ፋርማሲው ያውቃል። ማን ቀረ? ቢሮው።

ለዶሎረስ ደወልኩ። አቁሚ አልኳት፤ ጮህኩባት። "ያለውንስ ምን ላድርገው? ለቀብሬ ላስቀምጠው?" ብላ ዘጋችብኝ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

ሎዌል መጣ። ሰው ፊት ባሌ እንደማልለው ነገርኩት። "ጓደኛዬ" ነው የምልህ አልኩት። "ሆስፒታል ብገባ ማን ነኝ ብለሽ ልትገቢ ነው? ተከራይ?" አለኝ።

ግብዣው ይቅር አልኩት። ብትሩን እያንኳኳ ብቻውን ወጣ። በሩን ሳተው፤ እኔም ወደ ቀኝ በል አላልኩትም።

አርብ፣ ኤፕሪል 11

ሙሉ ቀን አለቀስኩ። ታሚካ ምንም ሳትጠይቅ ፊቴን ሁለቴ አጠበችልኝ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 14

እማ በግድ ይዛኝ ሄደች፤ የአካል ጉዳተኞች ማዕከል ውስጥ ስለ ድጎማ የምታማክረው ብሪጅት ዘንድ። እማ ጉዱን ሁሉ ዘረገፈችው፤ ብስኩቱን ጭምር። ብሪጅት ሰምታ ሰምታ አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

"ገንዘቡ የሚመጣው በማን ሥራ ነው?"

ተያየን። "ቼኩ ነዋ..." አለች እማ። እኛ ዘንድ ሁሉም ቼኩ ነው የሚለው። የኔም ቼኩ፣ የሪታም ቼኩ፣ የሎዌልም ቼኩ። ሰው የጎረቤቱን ቼክ ከየት ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። ከዚያ እማ ቀስ ብላ፣ "አባቷ ሲሞት ወደ እሱ ዞሯል ብለው ነበር..." አለች።

"በቃ፣ የቬራና የሪታ አንድ አይደለም" አለች ብሪጅት። የሪታው ለድሃ የሚሰጠው ነው። የኔ ግን አባ ከደመወዙ እየተቆረጠበት የከፈለው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አካል ጉዳተኛ ስለሆንኩ በሱ በኩል የሚደርሰኝ።

"እና ላገባ እችላለሁ?"

"እንዲህ ያለ ገንዘብ የማያገኝ ሰው ካገባሽ ይቀርብሻል። ሎዌልም በራሱ ሥራ ከከፈለው የሚያገኝ ከሆነ ግን አይቀርም። ታሚካም ትቀጥላለች፤ ለእሷ የሚታየው ያንቺ ገቢ ብቻ ነው። እሱ የሚያገኘው የትኛውን ነው?"

አላውቅም። ላገባው ነበር፤ ይኼን ግን አላውቅም! ከሐሙስ ወዲህ ደግሞ አልደወለልኝም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15

ኩራቴን ዋጥኩና ደወልኩለት።

"ሎዌል፣ ቼክህ ከየት ነው የሚመጣው?"

"ሰላም ነህ ወይ አይባልም?"

"ሰላም ነህ ወይ? ከየት ነው የሚመጣው?"

"ዓይኔ እስኪጠፋ ጋራዥ የሠራሁበት ነዋ! ከሰማይ የወረደልኝ መሰለሽ?"

አፌን በእጄ ያዝኩ። "ቬራ? ቬራ፣ ምን ሆንሽ?" ይላል እሱ። ብሪጅት ያለችውን እየተንተባተብኩ ነገርኩት። አንድ ትልቅ ሳቅ። ወይ ልቅሶ። ሁለቱም መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 16

ብሪጅት ከመፈረማችሁ በፊት ከራሱ ከቢሮው ስሙት ብላን ነበር። ሄድን። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ የሁለታችንንም ወረቀት አየ። "ተጋቡ። ስትጋቡ ብቻ አሳውቁን" አለ። እንደ ቀላል ነገር! እፎይ። እፎይ። እፎይ።

አሁን ማልቀስ የጀመርኩት በአባ ነው። አባ የዳቦ መኪና ሾፌር ነበር። ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር የተቆረጠበትን እያየ፣ "ይኼን ሁሉ ማን ይሆን የሚበላው?" እያለ ይራገም ነበር። እኔ ነኝ አባ። የምበላው እኔ ነኝ።

ለዶሎረስ ደወልኩ። "አክስቴ፣ ጋግሪ።" ምን አለች? "መች አቆምኩና!"

እሑድ፣ ጁን 15

ትናንት ተዳርኩ። ቄስም ነበረ፣ ፊርማም ነበረ። ሎዌል ገፋኝ፣ እኔ መራሁት፤ "ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቁም!" ሰው ሁሉ ሳቀ። የብስኩቱ ጠረጴዛ የአዳራሹን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ያዘ። ሪታም መጣች፤ "ከተከራይዬ ጋር" ብላ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ስታቅፈኝ ግን ቶሎ አልለቀቀችኝም። የኔ ደስታ የሷን አላስተካከለላትም... አልረሳውም።

ዛሬ ጠዋት ከታሚካ በፊት ነቃሁ። ሰዓቱን አየሁ። ብትቀርስ? ሁሉም ቢሳሳትስ? ሎዌል ያንኮራፋል። ተጋድሜ በሩን ማዳመጥ።

አንድ ሰዓት ላይ ተንኳኳ።

ዘው ብላ ገባች። አፏን ሞልታ የዶሎረስን ብስኩት እያኘከች።

"እሺ ሙሽራው፣ ገለል በልልኝ፣ ሥራ አለኝ።" ወደ እኔ ዞረች። "ማነው ይኼ ደግሞ?"

"ባሌ" አልኳት። አፌን ሞልቼ።

አነሳችኝ።