ራስጌህ ላይ የበቀለችው ጥድ

አባዬ፣ አሰላሙ አለይኩም። ከተለየኸን ሦስተኛው ረመዳን አለፈ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ ፈርቼህ ነው።

እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ያማታል። አሮጌውን ቤት አፍርሼ አዲስ ሠራሁላት። ምሰሶው ከየት መጣ ብለህ ሳትጠይቀኝ እኔው ልንገርህ፦ ገደሉ ሥር የነበረችውን ጥድ፣ አንተ «ባልቴቷ» የምትላትን፣ ቆረጥኳት። ከብት ውሃ ልናጠጣ ወደ ሐይቁ ስንወርድ ግንዷን እየዳበስክ ሰላም ስትላት እያየሁ ያደግኩት ልጅህ! ተራራው ሁሉ ባሕር ዛፍ ሆኗል፣ አንዲት አሮጊት ዛፍ ብትቆረጥ ምን ይጎዳል አልኩ።

ወላሂ ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል ምሰሶው ይሸታል፤ ልክ ያንተ ጋቢ ይሸት እንደነበረው። እማዬ ቀና ብላ በሩን ታያለች። እኔም አያለሁ። ማንም አይገባም።

ዓምና ከሐይቁ ወለል ጭቃ የሚያወጡ ተመራማሪዎች መጥተው በጀልባዬ ቀዘፍኩላቸው። በረጅም ቱቦ ባወጡት ጭቃ ውስጥ የጥንት ዛፎች የአበባ ብናኝ አለ አሉኝ። ሩቅ አገሮች በበረዶ በተሸፈኑበት፣ የኛም አገር በብርድና በድርቅ በተመታበት ዘመን፣ ደኑ ከሜዳው ጠፍቶ እርጥበት ባለው ገደል ውስጥ ተሸሽጎ ቆየ አሉ። ዝናቡ ሲመለስ ወፎች ፍሬውን እየለቀሙ በየኮረብታው ዘሩት። መቅዘፊያዬን አቁሜ ወደ ገደሉ ዞርኩ፣ አባዬ። ያን ሁሉ ብርድ ያለፈ ዘር እኔን ማለፍ አቃተው።

የባሰውም አለ። በየዒዱ መቃብርህን ሳጸዳ ቅጠሉ የሚወጋ ቡቃያ እየነቀልኩ እጥል ነበር። ዘንድሮ አንዷን ይዤ ልነቅል ስል ጣቴ ሸተተኝ፤ የምሰሶው ሽታ ነው። ለካ ወፎቹ የባልቴቷን ፍሬ በልተው ራስጌህ ድንጋይ ላይ ያርፉ ኖሯል። ለካ አረም ብዬ የጣልኩት ሁሉ ልጆቿን ነበር። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አንዷ ተርፋለች፤ ከጣቴ አትበልጥም። እናቷ ስለሌለች ሌላ አይመጣም። ከመቃብር ቦታ እንጨት የሚቆርጥ በኛ አገር የለምና አንተው ዘንድ ትደግ። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ፣ አባዬ። እስካለሁ ድረስ እየመጣሁ ውሃ አጠጣታለሁ፤ መቃብርህን ግን፣ ሣሩ ከፀሐይና ከፍየል እንዲከልላት፣ ከእንግዲህ አላጸዳም። ሣር ሲውጠው ያየ ሰው፣ ልጁ አባቱን ረሳ ይለኛል። ይበል።